«አል»

በቃሊቲ ጣቢያ፣ ከጠረጴዛዬ ላይ፣
ሁለት ድምፅ ያድራል፣ አንዱ አንዱን ሳያይ።
አንደኛው አሮጌ፣ ጉሮሮው የሻከረ፣
በአንዲት ቻናል ብቻ ዕድሜውን የኖረ፤
ሌላው አዲስ ገቢ፣ ድምፁ የጠራ ነው፣
ግን መስመር የለውም፣ ማሽኑ ካልሰጠው፤
እንደ ቀበሌ ሰልፍ ተራ የሚጠብቅ፣
ቁጥሩ ካልተጠራ ትንፍሽ ማለት የማያውቅ።

አዲሱ ሬዲዮ ከመሀል ተጀመረ፤
የዳሩ «በጀት ሲለቀቅ» ተብሎ ቀረ።
እናም ዘርጋው መጣ፣ መፍቻውን ታጥቆ፣
ከዕቃ ቤት ግራጫ ሳጥን ፈልቅቆ፣
የዚያን አፍ ከዚህ ጆሮ ገጠመው በሽቦ፣
ክዳኑ አልዘጋ ሲል በፕላስተር ሸብቦ።
«ያገናኛል» አለኝ፣ «ግን አንድ ዐመል አለው፤
መስመር እስኪያገኝ ግማሽ ሰከንድ ነው፤
ለቸኮለ ሰው ፊደል ይበላበታል።»
ሳቅኩ። ግማሽ ሰከንድ ምን ያህል ያጎድላል?

በጥር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ቱሉ ዲምቱ ስሙን መሰለ፤
ቀይ ጉብታ።
የስፖንጅ መጋዘን ነው። ስፖንጅ ሲነድ
እንደ ዝናብ ይንጠባጠባል።
ጋሽ ጉደታ በቦቴው ቀድሞ ደርሷል፣ ከአሮጌው ሬዲዮ ጋር፤
የመሀሉ ቡድን ከአዲሱ ጋር ገና መንገድ ላይ።
እኔ የአሮጌውን ድምፅ ቀንሼዋለሁ፣
ማስተጋባቱ ስለሚያደነቁር፣
ሳጥኑን አምኜ።

ምንተስኖት ጠየቀ፦
«ዘበኛው ወጣ ወይ? ከወጣ እንክበብ፣ ካለ እንግባ። ተቀበል።»
ጋሽ ጉደታ ቁልፉንና ቃሉን አንድ ላይ ተጫነ።
በሳጥኑ አልፎ የደረሰን ይህ ነው፦
«…ወጣም። ተቀበል።»

«ወጣ! እሰየው» አለ ምንተስኖት። «ክበቡ፣ ከውጭ ርጩ።»

እኔ «ም» ላይ ቀረሁ።
የወጣ ሰው «ወጣ» ነው፤ «ም» ምን ትሠራለች?
ብቻዋን፣ ራሱን ጉድጓድ ያስገባ
እባብ ጭራ መስላ።
«ም» ካለች፣ «አል» ነበረች።

ቁልፉን ተጫንኩ። ጠበቅኩ።
እንደዚያች ግማሽ ሰከንድ የረዘመ ሌሊት አላውቅም።
«ቡድን አንድ፣ አትክበቡ፣ ግቡ!
አል-ወጣም። አል! አል!»

በሸራ አወጡት፣
እንደ አሮጌው ቻናል እያሳለ።

በነጋታው የጋሽ ጉደታ ሬዲዮ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
«ተጫን። ተንፍስ። ከዚያ ተናገር።»
አነበበው። «ሠላሳ ዓመት» አለ፣ «ሳልተነፍስ ስናገር…»
ሳይጨርሰው ቦቴውን አስነሳና
ወደ አቃቂ ወረደ፣
ውሃ ሊሞላ።