ግራጫዋ ቪትዝ

እዚህ ያሪስ ይሏታል፤ እኔ ቪትዝ ነው የምላት።
ሱፐርማርኬት ደጅ አቁሜያት፣ ስመለስ የማጣት፣
ከመሳዮቿ መሃል ቁልፍ ተጭኜ የምለያት፣
ግራጫ፣ ባለ አራት በር፣ በሊትር ሃያ የምትሄድ፣
ለእንጀራዬ የገዛኋት፣ ለክኒን፣ ለካልሲ፣ ለመንገድ።

ትሮልሄታን፣ ወንዙ ዳር፣ ከሽማግሌ ወደ አሮጊት፣
ጠዋት ስኳር እለካለሁ፣ ማታ እግር አጥባለሁ በየቤት።
ስሜን የያዘው የለም፤ «ያቺ ዝምተኛዋ» ነው ስሜ፤
ሰባት ክረምት ይሁን አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ ከርሜ።

ሲክስተን ግን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እጁ ማንኪያ የማይጨብጥ፣
የመኪናው ፋብሪካ ሳይዘጋ፣ ሞተር ሲፈታ፣ ሲለውጥ
ሠላሳ አንድ ዓመት የቆየ፣
በመስኮት ቁልቁል እያየ፣
«የታችዋ ያንቺ ናት?» አለኝ። «ስንት ሲሊንደር?» «አራት።»
«የምትተነፍሰው በራሷ ሳንባ ብቻ?» ራሱን ነቀነቀ። «ምስኪን ናት።»

ጋራዥ ነበረው ምድር ቤት፣ ሸረሪት የወረሰው፤
ከመደርደሪያው ሥር ጎትቶ፣ እንደ ሕፃን የታቀፈው፣
በአሮጌ ፎጣ የተጠቀለለ፣ ቀንድ አውጣ መሳይ ብረት፦
ተርቦ። ጭስ ገብቶ የሚያሽከረክረው፣ ነፋስ የሚወጣበት።
«ሌላው የሚጥለውን ጭስ» አለ፣ «ይቺ መልሳ ትበላዋለች፤
በወጣው እስትንፋስ ሞተሩን ሌላ እስትንፋስ ታጎርሰዋለች።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ወረድን። እሱ ወንበር ላይ፣ እኔ ከመኪናዋ ሥር፣
ባትሪ በጥርሴ ይዤ፣ ዘይት ግንባሬ ላይ ሲንቆረቆር።
«አሥራ ሦስት ቁልፍ» ይላል፤ ሊያቀብለኝ ሲል ይወድቃል፤
«ትንሽ ላላ!» ይላል ዓይኑን ጨፍኖ፤ ብሎኑን በጆሮው ያውቃል።
ፒስተን ቀየርን፣ ኢንጄክተር፤ የአንድ ወር ደሞዜ አለቀ፤
ሁለተኛውን ፍሪሲዮኑ በላው፤ በሦስተኛው ቧንቧው ለቀቀ።
እህቴ በስልክ፦ «አብደሻል? በዚህ ብር አዲስ ትገዢ ነበር!»
«አዲስማ ሰው ያየዋል» አልኳት። ጠፋት የምትለው ነገር።

ቀለሙን አልነካንም። በሩ ላይ ጭረቱ እንዳለ፣
የተሰበረው የጎማ ክዳን በሽቦ እንደተንጠለጠለ።
«እንዳታጥቢያት» አለኝ ሲክስተን።

የቦሎ ቀን መርማሪው ኮፈኑን ከፈተ፣
ዘጋው፣ ታርጋዋን አየ፣ ደግሞ ከፈተ።
ወረቀቱን ዘረጋሁለት፣ ሁሉም ማህተም ያለበት።
«የባልሽ ናት?» «የኔ ናት።» ሌላ ቃል አልጨመርኩበት።

ኅዳር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። ከከተማው ውጭ፣
አውሮፕላን የማያርፍበት ሜዳ፣ ሣር በስንጥቁ ያለ፣ ነጭ።
ሲክስተን ከጎኔ፣ በብርድ ልብስ፣ መዳፉ ዳሽቦርዱ ላይ።
ሁለተኛ ማርሽ። ምንም። ያችው ቪትዝ፣ የልብስ ስፌት መኪና መሳይ።
ሦስት ሺህ ዙር ላይ ፉጨት መጣ፣ ቀጭን፣ የሩቅ ሰው ጥሪ፣
ከዚያ
ወንበሩ ጀርባዬን ያዘኝ፤
ደፍቼው የኖርኩት አንገቴ ቀና አለ፣ ሳልፈቅድ፣ አስገድዶኝ።
ኋላ የረሳሁት ከረጢት ተቀዶ ሽንኩርቱ ተበተነ፤
ሁሉም ነገር ተንቀጠቀጠ፤ የሲክስተን እጅ ከሁሉም ሆነ፣
የትኛው የእሱ፣ የትኛው የሞተሩ፣ በዓይን አልተለየም።
እኔ ጮህኩ መሰለኝ። እሱ ምንም አላለም።

ተመለስን። ትምህርት ቤቱ ጋ በሠላሳ።
ቀይ መብራት ላይ አንድ ጎረምሳ፣ ጥቁር መኪናው ሲያገሳ፣
ወደኛ ዞረ፤ አሮጌ ሰው፣ ዝምተኛ ሴት፣ ጭቃ።
አረንጓዴ በራ። ለቀቅኩት ይሂድ፣ በራሱ ጫጫታ ይርካ፤
የሲክስተን የመርፌ ሰዓት ነበር፣ ቁርሱንም አልበላ።

አንዱ ሽንኩርት እስከ ዛሬ ከወንበሬ ሥር አለ፣
መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ወዲያ ወዲህ እየተንከባለለ።
ትናንት ጎንበስ ብዬ ሳየው አረንጓዴ ጫፍ አውጥቷል።
አላነሳሁትም። ይቆይ።