የወናፍ ልክ

ከሌሊቱ ሰባት፣ ሐምሌ ነው በጎንደር፤
ዝናብ ቆርቆሯችንን ሲቀጠቅጥ ሊያድር
ተስማምቷል ከሰማይ።

አልጋ ቁጥር አራት፣ ዳኘው ጫኔ፣ በያጅ፣
ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ የቀጥቃጭ ቤት ልጅ፣
ጉሮሮው በቱቦ፣ እጁ በጨርቅ ታስሮ፣
ከማሽን ይኖራል ትንፋሽ ተበድሮ።
እቤት «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹለት፤
ግማሹን አውቀዋል፣ ሳንባውን ረሱለት።
በራጁ ላይ አሁን ግራ ቀኙ ነጭ ናቸው፣
የሊማሊሞ ጉም የተኛባቸው።

ወጪው ትንፋሽ ሁሉ ተሟጦ ከሄደ፣
የሳንባው ከረጢት በራሱ ላይ ተናደ፤
እንደ እርጥብ ፌስታል ተጣብቆ፣ ሲላቀቅ ተቀደደ።
ስለዚህ ጥቂት ግፊት በር ላይ ይጠብቃል፣
መዝጊያ ሥር እንደ ቆመ እግር። ይኼን ሁሉም ያውቃል።

ልኩን ግን?

በስምንት ጀመርን፤ ኦክስጅኑ ሰማንያ አራት።
በአሥር ዘጠና ገባ፤ ትንሽ ተሰማኝ ኩራት።
በአሥራ ስድስት ግን ደም ግፊቱ ወደቀ፤
ነፋሱ ደረት ሞልቶ ልቡን አጨናነቀ።
ነፍስን ከነፋስ የለየች ያቺ አንድ ፊደል
አሁን ከጣቴ ሥር ነች፣ በሁለት ቁጥር መሃል።

ሰኔ ላይ፣ አልጋ ሁለት፣ እንጉዳይ የምትባል፣
«ትንሽ ጨምሪ» ተባልኩ። ጨመርኩ። ምን ይባላል?
በቀኝ ጎኗ በኩል ሳንባዋ ተነደለ፤
አንገቷን ስዳስሰው ከቆዳዋ ሥር ነፋስ
እንደ ደረቅ ገለባ ኮሽ አለ።
ቀሪው መዝገብ ላይ የለም፤ እኔ ጋ ነው ያለ።

አባቱ ኮሪደር ላይ፣ ጋሽ ጫኔ፣ ከወለቃ፣
ጫማቸው ጭቃ፣ ጋቢያቸው ጭቃ፣
«ሲስተር» አሉኝ፣ «ስንት ነው የምትነፉለት?»
«አሥራ ስድስት ነበር፤ አወረድኩት አሥራ ሁለት።»
ቁጥሩን ተዉትና መዳፋቸውን አዩ፦
«አርባ ዓመት ወናፍ ይዣለሁ፤
ሲበዛ ፍሙ ይበተናል፣
ሲያንስ አመድ ይለብሳል፣ ብረቱ ይበርዳል።
ዓይን አያውቀውም ልኩን። እጅሽ ላይ ይመጣል።»

እኔ እጄን አላምንም። ቁጥር ነው የማምነው።
ይኼን አልነገርኳቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ድርግም አለ።
ጄኔሬተሩ ሦስቴ አስነጠሰ፣ «ነገ» ብሎ ማለ፤
የማሽኑ አሮጌ ባትሪ ጮኸ፣ ጮኸና ዛለ።
ፊኛውን ከቱቦው አጋጠምኩ በጭፍን፤
ጨመቅሁት። ስንት ነው? አላይም ቁጥሩን።
ጨለማ ውስጥ ቁጥር የለም።
ደረት ብቻ አለ፣ ሲነሳ፣ ሲጋደም።
እጄ እንጉዳይን ያስታውሳል፣
ሊጨምቅ ሲል ይሰስታል።

ከበሩ ላይ መጣ የጋሽ ጫኔ ድምፅ፣ በእርጋታ፦
«ግፊ... አሁን ልቀቂ። ይመለስ። ስጪው ፋታ።
ግፊ...
ልቀቂ።»

አንድ ሰዓት ከሩብ። ሦስት ሰው፣ አንድ ሳንባ።
ዘጠና አንድ ይላል መብራቱ ሲገባ።

ማሽኑን መለስኩለት። ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ።
መዝገቡ ይጠይቃል፦ «ግፊት፣ ስንት?»
«አሥራ ሁለት» ብዬ ጻፍኩበት።
ከዘጠኝ እስከ አሥር ያለውን ሣጥን ግን
ባዶውን ተውኩት።

ጋሽ ጫኔን ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏቸዋል፤
ቀኝ እጃቸው ብቻ
ይከፈታል፣ ይዘጋል።