የአብዶሽ ማግኔት

ሐሙስ ከሰዓት ነው የደወለው ልጁ፤
ላብ በስልክ ይሰማል፣ ርሶ ነበር እጁ።
«ስሜ ኪሩቤል ነው፤ ቅዳሜ እንመጣለን፣
ድሬ ከአውሮፕላን ወርደን፣ ደንገጎን እንወጣለን።
እሷ የምታውቀው ሽርሽር መሆኑን፤
ካልሲ ውስጥ ነው የያዝኩት ቀለበቱን።
አንተ ብቻ ተደበቅ፤ ጉልበቴ መሬት ሲነካ
ያኔ አንሳ፣ ቶሎ አንሳ፣ ትንፋሿ ሳይተካ።»

እኔ የኖርኩበት ጉርድ ፎቶ ነበር፤
ለፓስፖርት፣ ለፈተና፣ ለአፎቻ ደብተር።
«አገጭ ዝቅ፣ ጆሮ ይታይ፣ አትሳቅ» እያልኩኝ
ሃያ ዓመት ሙሉ ሳቅ ስከለክል ኖርኩኝ።

ቦታውን መረጥኩለት፦ መኪና ግርግር፣
ግራና ቀኙ ሲንጀር፣ ግራና ቀኙ ክር፣
የጀጎል ልብስ ሰፊ ሁሉ ከበሩ ደፍ ወጥቶ
እንግዳ የሚለካበት፣ በዓይኑ ብቻ አይቶ።
ከአብዶሽ ሱቅ ገባሁ፤ ከተሰቀለ ሽፎን ጀርባ
ቆምኩኝ፣ ሌንሴን ብቻ አሾልኬ፣ እንደ ሌባ።
ካሜራዬን አየና፣ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ
«ገቢዎች ናቸው የላኩህ?» አለኝ፣ እንደ ቀልድ፣ እንደ ወቀሳ።
«አይደለም።»
            «ደግ» አለ፤ ሌላ አልጠየቀም፤
የጀመረውን ስፌት ሳይጨርስ አይለቅም።

አራት ሰዓት ብሎኝ፣ አምስትም አለፈ።
ጫት የጫነ አህያ በጭራው ሌንሴን ገረፈ።
ከዚያ መጡ። እሷ ቀድማ፣ በአንድ እጇ ጫማዋን፣ በአንዱ ግማሽ ማንጎ ይዛ፤
እሱ ከኋላ ይከተላል፣ ግንባሩ በላብ ወዛ።
ብሌን ነው አሉ ስሟ። ለፎቶ አንሺ ጆሮ
ገድ ያለው ስም ነው፤ ገድ አጥቼ ነበር ዘንድሮ።

ተንበረከከ።
ሲንጀሩ ሁሉ ቆመ፣ ከላይ እስከ ታች፤
መኪና ግርግር ውስጥ ዝምታ ተሰማች።
እኔም ጣቴን ጫንኩ —
               «ምን ጠፍቶበት ነው?»
አለ አብዶሽ፣ መነፅሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፤
«እንግዳ ሲፈልግማ ዝም አይባልም» ብሎ
ማግኔቱን አነሳ፤ መርፌ የሚለቅምበት፣
ከሞተ ሬዲዮ የወጣ፣ ቀይ ክር የታሰረበት።
ሄደ፤ በርከክ አለ በሁለቱ መሃል፤
«አይዞህ የኔ ልጅ፣ ብረት ከሆነ ይገኛል።»

ወርቅ ነበር፤ ወርቅ ደግሞ ለማግኔት አይታዘዝም፤
ድብቅ ሰው እየጮኸ ሰው አይመልስም።

ሰባት አነሳሁ። በሰባቱም አለ፦
ኮፊያው፣ ጀርባው፣ ማግኔቱ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ።
ብሌን አፏን ሸፍናለች በያዘችው ጫማ፤
ትሳቅ ታልቅስ እንጃ፤ ፎቶ አይደል፣ አያሰማ።
«እሺ» ስትልም አልሰማሁ፤ አንዱ ሲንጀር ቸኩሎ
ጀመረና፣ ቃሏን ሰፋው ከጨርቁ ጋር ጠቅልሎ።

ማታ ፈረስ መጋላ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ
ሳሳያቸው፣ ግማሹን ብር ልመልስ ከኪሴ አውጥቼ፣
«ሽማግሌው ይጥፋልኝ» አለ ኪሩቤል፤ «አይቻልም?»
«ይቻላል» አልኩት። ብሌን ግን፦ «አይሆንም!
ሽማግሌ ሳትልክ ነው ልታገባኝ?» አለች፣
የአብዶሽን ጀርባ ስክሪኑ ላይ በጣቷ እየነካች።

እሁድ አትሜ ሰጠሁት። መነፅሩን አወረደ፤
ፎቶውን ይዞ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃን ሄደ።
ብዙ አየ። «ትከሻዬ ላይ ተተርትሯል ስፌቱ፤
ልብስ ሰፊ ሆኜ!» አለ፤ አፈረ መሰለኝ ፊቱ።
ከዚያ ተቀመጠ፤ ክሩን በምራቁ አሹሎ፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ እንደ እኔ፣
«ለመሆኑ ያ ልጅ… አገኘው?»
                  «አገኘው።»
«ደግ» አለ፤
ፔዳሉን ረገጠ።