ካስማ የማይዝ መሬት

ቀጭን ናት ደሴቷ፣ እንደ ወገብ መቀነት፣
ከባሕርና ከየብስ መሐል የገባች በገላጋይነት።
ገላጋይ ደግሞ ዱላ አይቀርለት፤
ማዕበል በመጣ ቁጥር ፊቷን ትመታለች፣
አሸዋዋን ከፊት አንስታ ወደ ኋላ ታዞራለች።

አባቴ ኤላዲዮና አጎቴ ፕሩደንሲዮ
አራት ዓመት አልተነጋገሩም።
ከአያቴ ጀልባ በቀር ጠብ አልነበራቸውም፤
አንዱ ሸጠው፣ ሌላው ከሰው ሰማ፣
ከዚያ ወዲህ ልደቱም ገናውም ጨለማ።
አክስቴ ሬፉሂያ ናት፣ "ድንኳኑ አንድ ነው፤ ሙት ዓመቱም አንድ" ብላ፣
ሁለቱን በአንድ ፒክአፕ፣ ከሎሚና ከበረዶ ጋር ጠቅልላ፣
እኔን መሐላቸው የሸጎጠች፣ እንደ ጥጥ።

በሩ ላይ የፓርኩ ጠባቂ፣ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጠው ሴት፣
ደረሰኝ ቆረጠችልን፣ የሁለት ሌሊት።
"ጎማ አስተንፍሱ" አለች፣ "ከዚህ ወዲያ አስፋልት የለም፤
አሸዋ የተነፋ ነገር አይወድም።"
አባቴ በቀኝ፣ አጎቴ በግራ ተንበረከኩ፤
ጎማዎቹ ሽሽሽ እያሉ ለዘቡ።
እነሱ ግን እንደተነፉ ተመልሰው ገቡ።

"ከውሃው ዳር ነው" አለ አጎቴ፣ "ነፋሱ ትንኙን ይጠርጋል።"
"ከጉብታው ጀርባ" አለ አባቴ፣ "ሌሊት ባሕሩ ይመጣል።"
ሁለቱም የሚናገሩት ለአክስቴ ነው፤
ቃላቸው በእሷ ዞሮ ነው የሚደርሰው።
እሷም ሲሰለቻት የበረዶ ሳጥኑን ከመሐል ጥላ፣
"እዚህ!" አለች፣ ለማንም ሳታደላ።

ካስማ መታን፤ ወጣ።
ደግመን መታን፤ እንደ ወተት ጥርስ ላልቶ ወጣ።
አያቴ ካስማ ይዞ መጥቶ አያውቅም ነበር፤
ከረጢት በአሸዋ ሞልቶ፣ ገመድ አንገቱ ላይ አስሮ፣
ክንድ ሙሉ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብር ነበር።
ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ዝም።
"አባባ እንዲህ ያደርግ ነበር" ብሎ
ማን ይቅደም?

መሸ። ይብራዎች በአንድ ረድፍ ሄዱ፣ ክንፋቸው ውሃ ሊነካ።
ሸርጣን ከጉድጓዱ ወጣ፣ ባትሪዬን አይቶ ገባ፤
ተረከዜ ላይ የተለጠፈው ሬንጅ በዘይት ታሽቶም አልለቀቀ።
ሁለት ወንበር፣ ሁለቱም ባሕር ባሕሩን እያዩ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነፋሱ መጣ።
ወለሉ ከሥሬ ሆዱን ነፍቶ ተነሣ፤
አንድ ገመድ ተበጠሰ፣ ሌላው ጅራፍ ሆነ።
"ኔሊዳ፣ እንዳትነሺ! ክብደት ነሽ፣ ተኚ!"
አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሠላሳ አንድ ኪሎ ነኝ፤
ለዚያች ሌሊት የቤቱ መሠረት እኔ ነኝ።
እጄን ዘርግቼ ተለጠፍኩ።
በሸራው ላይ የሁለት ሰው ጥላ፣
አንዱ ከዚህ ምሰሶ፣ አንዱ ከዚያ ተንጠልጥሎ።

"ከረጢት!"
"ስንት?"
"አራት! ቶሎ በል!"
ለአክስቴ አልነበረም። በማንም አልዞረም።
ሩዙን ደፉት፣ ዳቦውን ደፉት፣ ድንቹን ደፉት፤
የእኔን ትራስ ገፈው ጨርቁን አሸዋ ሞሉት።
እንደ ውሻ በእጃቸው ሲቆፍሩ እሰማለሁ፣
ያለ መብራት፣ ትከሻ ለትከሻ፣
አንዱ ሲያስር አንዱ ሲረግጥ።
ድንኳኑ ተንፈራገጠ፣ ተንፈራገጠ፣
ከዚያ ቁጭ አለ።

ጠዋት እንቁላሉ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል።
ባሕሩ ሌሊት እስከ በረዶ ሳጥኑ ደርሶ ተመልሷል፤
የአጎቴን መነጽር ወስዶ፣ አንድ ግራ ጫማ አምጥቷል።
ጫማው የማንም አይደለም።
ስለ ጀልባው የተናገረ የለም።

ስንነሳ ሦስቱን ከረጢት ቆፍረን አወጣን፤
አራተኛውን፣ የትራሴን ጨርቅ፣ ፈልገን አጣን።
ደሴቷ ይዛዋለች።
በዓመት ስንዝር ወደ የብስ ትራመዳለች ይላሉ፤
እሱም አብሯት ይሄዳል፣ የተቋጠረ ገመድ አንገቱ ላይ።

በሩ ጋ ስንደርስ የአየር መሙያው ቱቦ አንድ ነው።
አባቴ ጎማው ሥር ቱቦውን ይዞ፣
አጎቴ ያለ መነጽር መለኪያው ላይ አፍጥጦ።
"ስንት ደረሰ?"
"ሠላሳ አምስት... መሰለኝ።"
"ይበቃል?"
"ይበቃል፤ ከዚህ በላይ አትንፋው።"