ያልተለሰነ ዓመት

ከክር ሱቅ በላይ ነው ማኅበራችን ያለው፣
ሁለት ጠባብ ክፍል፣ አንዱ የሚያፈሰው፤
ስለ ቤት ልናስተምር ቤት የተከራየን፣
ሰው ይስቅብናል፤ እኛም እንስቃለን።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ መመዝገብ፣
የአውቶቡስ፣ የወረቀት፣ የሻይ፣ የውሃ ገንዘብ።
ትርፍ የለም በቤታችን፤ ትርፍ የሚባል ዓምድ
ሰርዘነዋል ገና ማኅበሩ ሲወለድ።

ዲዋሊ ሊደርስ ሲል፣ ሐሩሩ ሲበርድ፣
ተማሪ ጭነን ሄድን በባኒ መንገድ፣
ሣሩ ጨው ወደሚቀምስ፣ ዛፉ ወደሚቆጠር፣
ቤቱ እንደ ገንቦ ክብ ወደሆነበት፣ ከአፈር።
ኪንጃል ሜትር ዘረጋች፣ ኦጃስ ወረቀቱን፤
ማንባይ ደፏ ላይ ሆና ታዘበች ሁሉን።

«ግድግዳው፣» አለች ኪንጃል፣ «ሃምሳ ሦስት ሳንቲሜትር።»
«ክንድ ከጭብጥ በይው፤ ድሮ ክንድ ነበር።
ሙሽራ ሆኜ ስገባ ክንድ ብቻ ነበረ፤
ጭብጡ በእጄ ነው፣ በዓመት የተጨመረ።»

ጭቃ ከፋንድያ ጋር ለውሳ፣ ለስና፣
መስታወት ትሰካለች ሳይደርቅባት ገና፤
ቤቱ ከውስጥ ሲጠብ፣ ከውጭ ሲደነድን፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አለበሰችው ልስን።

«ይፈቀድልን፣» አለ ኦጃስ አንገቱን ደፍቶ፣
«የመዳፍ ያህል ብቻ ግድግዳው ተከፍቶ
ንብርብሩን ብናይ።»
ማንባይ ሳቀች፦ «ሆድ ቀድዳችሁ ልታዩ? ሐኪሞች ናችሁ?
ቅደዱ፤ ግን እንደ ሐኪም ትሰፉታላችሁ።»

ቆረጡ። ልክ እንደ ዛፍ፣ ልክ እንደ ደብተር ጠርዝ፣
ታየ ዓመት በዓመት ላይ፣ ቀጭን፣ መስመር የሚይዝ።
ኪንጃል በመርፌ ጫፍ ቆጠረች እየሰማን፤
ሠላሳ አንድ አልሞላም፤ ሃያ ዘጠኝ ሆነብን።

ሁለት ዓመት ጎደለ።
ክርክር ተነሣ፦
«ድርቁ ነው።» «የለም፣ ምድር ስትናወጥ ነው፤
ያኔ ማን ልስን አነሣ?»
ኦጃስ ዘመን ጻፈ፣ የዝናብ መጠን አመጣ፤
መላ ምቱ አማረ፤ ሰንጠረዥም ወጣ።

ማንባይ ጠበቀች፣ ጠበቀችና፦ «ልጆቼ፣
ምድር በተናወጠች ዓመት ለስኛለሁ፣ በእጆቼ፤
ያቺንማ ማን ይተዋታል? ቤቱ ቆሞልኝ!
ይሄ ሌላ ነው፤ ያኔ ሉኹ ናት አኩርፋኝ።
የባሌ እኅት ናት፤ በአንዲት ፍየል ሰበብ
ሁለት ዲዋሊ አለፈ ደጅ ለደጅ ሳንቀራረብ።
አንዷ ካላቀበለች ሌላዋ አትለስንም፤
ጭቃ እጅ ላይ ይደርቃል፤ ኩርፊያን አይጠብቅም።»

ኪንጃል እርሳሷን ያዘች። ሥዕሉ ላይ ምን ይጻፍ?
ለኩርፊያ ምልክት የለም፤ ለጡብ አለ፣ ለድንጋይ፣ ለዛፍ።
ባዶ ተወችው፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ፤
ከጎኑም፦ «ሉኹ ያልነበረችበት፤ ያልተለሰነ።»

በጥር ለጋሾች መጡ፣ በጥቁር መኪና።
«ስንት ቤት ሠራችሁ?» አሉ። ምንም አልሠራንምና
ሰብሳቢዋ ቫሱማቲ ያንን ሥዕል ዘረጋች፣
ማብራሪያ ሳትሰጥ ሻይ ልታመጣ ወጣች።
አንዱ ጎንበስ አለ፣ መነጽሩን አውልቆ፣
ባዶዋን መስመር ተከተለ በጥፍሩ፣ ተጠንቅቆ።
ገንዘብ ሰጡ ወይ? ጥቂት። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል።

የዚያን ቀን ወጪ ይኸው፦ ናፍጣ፣ ሁለት እርሳስ፣
ምስር ለሰባት ሰው፣ ሻይ ስንሄድ፣ ሻይ ስንመለስ።
በመጨረሻው መስመር፦ «የተቀደደ ሲሰፋ፣
የሁለት ሴት የቀን ዋጋ።» ዓምዱ ስለጠፋ
ጠርዙ ላይ ነው የጻፍኩት።
ማንባይ ጭቃውን ለጥፋ ጨርሳለች፣
ሉኹም የፍየሏን ነገር እያነሣች ከጎኗ ቁጭ ብላለች።
የጣት ቀለም ባቀርብላት «ተወው፣» አለች፤
ሁለቱም ከነጭቃው አውራ ጣታቸውን አተሙ።

አሁን መዝገቡን ስከፍት ትንሽ አፈር ይረግፋል፤
ኦዲተሩ እፍ ሊለው ሲቃጣ፣ እጄ ቀድሞ ይከልላል።