ጥቁር መስኮት

ከቫርደ ደሴት ላይ፣ ኅዳር ሲጋመስ፣
ፀሐይ ትሸክፋለች፤ ጥር ነው የምትመለስ።
ባሕሩ ጥቁር ነው፣ ሰማዩም ጥቁር፣
የጎረቤት ውሻ ጥላው ጠፍቶት ሲዞር
ያመሻል፣ ያመሻል፤ መቼም አይነጋ።

እኔ ጉንቮር ነኝ፤
ሠላሳ ሦስት ዓመት ከሚዛን ፊት ቆሜ
ኮድ ዓሣ ስመዝን አብሮ አለቀ ዕድሜ።
ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሚዛኑ ተሸጠ፣
እጄ ግን ታጥፎ መቀመጥ አልመረጠ፤
ድሮ ኮድ መዘንሁ፣ ዛሬ ኮድ እጽፋለሁ፤
የያኔው ሲበላሽ በሽታው አውቃለሁ፣
የዛሬው አይሸትም። ዝም ብሎ ይሞታል፤
ከሞተ በኋላ ቀይ ፊደል ይተፋል።

የምሻው ትንሽ ነው፦ አንድ ክብ፣ ቀይ ክብ፣
ከስክሪኑ ግርጌ ቀስ ብሎ የሚሳብ፣
ሽቅብ የሚወጣ እስከ ላይኛው ጠርዙ።
መጽሐፉ ግን ቀድሞ «የሥዕሉን ላይብረሪ ጫኑ» ነው ትእዛዙ።

ጫኑ!
እኔ የማውቀው ጭነት ሣጥን ነው፣ ከነበረዶው፤
ጀልባው ዝቅ ይላል፣ መጫኑን ታያለህ ውኃው ሲልሰው።
ይኸኛው ተጫነ፤ «ተሳክቷል» ብሎኛል፤
ምን ዝቅ አለ? ምንም። ስጠራው ጠፍቷል።

ሰኞ ማታ «ፋይሉ አልተገኘም» አለ።
ማክሰኞ ራስጌው ተገኘ፤ ግርጌው የታለ?
ስሙ ተጽፏል፣ ፊርማውም አለ፤ ገላው ግን የለም፤
ማገናኛው ጮኸ፦ «ይህን ስም አላውቅም፣
ይህንንም አላውቅም»፣ አርባ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ፣
ከቡና ቤት እንደወጣ ሰካራም በር ላይ ቆሞ።
ረቡዕ ሁሉንም ከሥሩ ነቅዬ
እንደገና ጫንሁት፣ «እባክህን» ብዬ።
ኀሙስ «መንገድ አሳይኝ» አለኝ፣ መንገድ!
የእኛ ደሴት ያላት አንድ ነው፣ ከባሕር ሥር የሚሄድ።
ቢሆንም ጻፍሁለት፣ አቃፊውን ከነእናት አቃፊው፣
አንዲት ጭረት ወደ ግራ ስትዘም፣ ያ ሁሉ ሌሊት በእሷ ነው።

ዓርብ ሲቫካሚ መጣች፣ በርበሬ የበዛበት የዓሣ ሾርባ ይዛ።
ከጃፍና ቫርደ ድረስ መጥታ
ከሚዛኔ ማዶ፣ ቢላዋ በእጇ፣ ሃያ ዓመት ቆማ
አንድም ቀን ጣቷን ያልቆረጠች እሷ ብቻ ናት።
ስክሪኑን አየችው፣ ሾርባውን አየችው፤
«ይሄ ሳይቀዘቅዝ ለልጄ ደውዪ» አለችኝ በቀስታ።

ካቲራቫን ነው ስሙ፣ በእናቱ አፍ ፀሐይ ማለት፤
እዚሁ ነው የተወለደው፣ ኅዳር ላይ፤ እልኸኛ እናት!
ከትሮንድሄም ድምፁ መጣ፣ እንቅልፍ እንደጠገበ፣
አልሳቀም፣ አልቸኮለም፣ ቀይ ፊደሉን አስነበበ።
«አክስቴ፣ ስልሳ አራት ነሽ ወይስ ሠላሳ ሁለት?»
«ስልሳ አንድ» አልሁት።
ዝም አለ። ሳቀች እናት።

ነገሩ ይኸው ነበር። ማሽኔ ባለ ስልሳ አራት፣
የጫንሁበት የሠላሳ ሁለት፤
አንድ ሳምንት ሙሉ የሕፃን ጓንት
በአሣ አጥማጅ እጅ ላይ ስጎትት።
«አውርጂው» አለ ልጁ፣ «ትልቁን ጫኚና
ያቺን አንዲት ፋይል ከፕሮግራምሽ ጎን አስቀምጪያትና...»
አስቀመጥኋት። ቢላዋና ሚዛን እንደሚቀመጡ፣ ጎን ለጎን።
ተጫንሁት።

ቀይ ፊደል የለም። ማራገቢያው ትንሽ አጓራ።
«አሁን ምን ታያለሽ?»
«ጥቁር።»
«ምን ጥቁር?»
«ጥቁር መስኮት፤ ባዶ።»
«በቃ!» አለ ልጁ፣ «ሠራ! አክስቴ፣ ሠራ!»

ቀና አልሁ ወደ ቤቴ መስኮት።
እሱም ጥቁር። እሱም ባዶ።
እንዲህ ከሆነማ፣ እሱም እስከዛሬ
ሲሠራ ነበረ፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁ፣
ተበላሸ ብዬ በየዓመቱ ስጮህ በመጋረጃ የሸፈንሁ።

ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር፤ እንዳለ ጠጣነው።
ክቡ ገና ነው። ገጽ አሥራ ሁለት ነው።
ሲቫካሚ ካፖርቷን ለብሳ፣ «መብራቱን ላጥፋልሽ?» አለች።
አጥፊው አልኋት።
መስኮቱን ግን አልዘጋውም፤ ሁለቱንም።