ዴራ፣ አራተኛ ፎቅ

አስራ አንደኛ ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ
ህዋስ ከህዋስ ጋር ተደርድሮ ስናይ፣
«ጡብ ነው» ቢል መምህራችን፣ ጡብ ብዬ ጻፍኩኝ፤
በር እንዳለው ያኔ ማን መቼ ነግሮኝ።

ዱባይ፣ ዴራ፣ አንድ ሳሎን ለስምንት ተከፍሎ
ስምንት ገላ ያድራል በቺፑድ ተከልሎ።
ጨው ያልፋል በሽንቁር፣ ቻርጀር፣ አስር ድርሃም፤
የዘይባን ጣት እንጂ መልኳን አላየሁም፣
ፈረቃችን ሌላ።

ሐሙስ ሌሊት ዘይባ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣
መታች ግድግዳውን።
እኔም የወዲያውን፣
ያቺም የወዲያኛውን፣
እስከ ኔፓሏ ልጅ፣ እስከ በሩ ዳርቻ።
ስምንት አምፖል በራ፣ በአንዲት ምት ብቻ።
ለካ ልብም እንዲህ ነው፣
ጡንቻው ለጡንቻ
ምቱን በሽንቁር ሲያቀብል።

መምህር አበጋዝ፣
ጡቡን ሰርዤዋለሁ።